ስፖኪዮና ያላየው ኮርኒስ

ስፖኪዮ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ከፊት ተቀምጦ ከኋላው ያለውን ሁሉ ስለሚያውቅ ነው። እንግዳው ቃል ሳይተነፍስ፣ በመስታወቱ ውስጥ ባያት አንዲት የቅንድብ እንቅስቃሴ ብቻ መስኮት ዝቅ ያደርጋል፣ ማቀዝቀዣ ይቀንሳል፣ ኩርባ ሲደርስ ፍጥነቱን ያበርዳል። ስሙ ሲወጣለት ፀጉሩ ጥቁር ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል፣ መኪናው አራት ጊዜ ተቀይሯል፣ ስሙ ግን ያኔ እንደወጣለት አለ።

ሥራው ጥንታዊቷን ዋና ከተማና በዙሪያዋ ያሉትን ኮረብታዎች ሊያዩ የሚመጡ ባለጸጋ እንግዶችን ማመላለስ ነው። መኪናዋ ረጅምና ጥቁር ናት። ከኋላ ወንበር ፊት ለፊት ሁለት የውሃ ጠርሙሶች ጽሑፋቸው ወደ እንግዳው ዞሮ ይቀመጣሉ። በትንሿ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተጠቀለሉ እርጥብ ፎጣዎች አሉ። ሁለት ጃንጥላዎች አሉ፣ አንዱ ለዝናብ፣ አንዱ ለፀሐይ። ስፖኪዮ ራሱ ጥቁር ሙሉ ልብስና ነጭ ጓንት ለብሶ፣ ከጎኑ ባለው ወንበር ሥር የምሳ ዕቃውንና ነጠላ ጫማውን ደብቆ ይነዳል።

የድርጅቱ የደንብ መጽሐፍ አርባ አራት ገጽ ነው። ተጨምቆ ሲታይ ሐሳቡ አንድ ነው፦ ብዙ የከፈለ ሰው ምንም ነገር ሲዘጋጅ ማየት የለበትም። በሩ ተከፍቶ፣ ሻንጣው ክፍሉ ገብቶ፣ ሻዩ ተቀድቶ ይድረስበት። ስለ ሹፌሮች የሚያወራው ምዕራፍ ከሁሉም ያጥራል። ሳይጠየቁ አይናገሩም፤ ከመኪናቸውም ከአሥር እርምጃ በላይ አይርቁም። ይህ ሁለተኛው የገባው በአንድ ሰው ምክንያት ነው ይባላል። ሻይ ፉት ብዬ ልምጣ ብሎ ሄዶ እንግዶቹን ሃያ ደቂቃ ፀሐይ ላይ አስቁሟቸዋል።

ስለዚህ ስፖኪዮ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሚያውቀው የቅርሶቹን በር ነው። ውስጣቸውን ለማየት ደግሞ በእረፍት ቀኑ ከባለቤቱ ጋር እንደ ማንም ሰው ተሰልፎ ትኬት ይቆርጣል። ቤተ መዘክሩን እንዲህ አይቷል፣ አሮጌውን ግንብም፣ የነገሥታቱን መቃብርም። የቀረው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በትኬት አይታይም።

ክፍሉ ያለው ከከተማው በመኪና የአንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ መንገድ ርቆ፣ ኮረብታ ላይ በተሠራው የበጋ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ኮርኒሱ ላይ ሥዕል አለ። ቀለሙ በሰው ትንፋሽ ስለሚላጥ ለሕዝብ ከተዘጋ ቆይቷል። በሩ በሽቦ በታሰረ የእርሳስ ማኅተም ታሽጎ ይኖራል። የፈቃድ ደብዳቤ ያገኘ እንግዳ ሲመጣ ማኅተሙ ይቆረጣል፣ እንግዳው ይገባል፣ በዚያው ቀን በአሥራ አንድ ሰዓት የቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ሰው መጥቶ እንደገና ያሽገዋል። አንድ ደብዳቤ አንድ ጊዜ ብቻ ያስከፍታል። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ያለ አጃቢም ማንም እንግዳ አይገባም፤ አጃቢው ምንጊዜም የድርጅቱ አስጎብኚ ነው።

ስፖኪዮ ወደዚያ ቤት ከመቶ ጊዜ በላይ ሄዷል። ከመቶ ጊዜ በላይም ደጅ ቆሞ መኪናውን ጠብቋል። እንግዶቹ ሲመለሱ ግን ወሬው በነጻ ይደርሰው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሐኪም ለሚስቱ «ወፎቹን ቆጠርኳቸው፤ አርባ አንድ ናቸው» ሲል ሰማ። በሦስተኛው ዓመት ሁለት እህትማማቾች ከተማ እስኪደርሱ ስለ ዓሣ ብቻ አወሩ። የትኛው ዓሣ? ስፖኪዮ ያን ዕለት መንገድ ሊስት ምንም አልቀረውም። ከዚያ ወዲህ ጆሮውን አቁሞ መልቀም ጀመረ። አንዱ ሰማይ ነው ይላል፣ ሌላው ውሃ ነው ይላል። አንዱ ጥግ ላይ የምትስቅ ሴት አየሁ ሲል፣ በሳምንቱ የመጣው ያቺ የምታለቅሰው ሴት አሳዘነችኝ ይላል። አስጎብኚዎቹን ጠይቆ ነበር። እነሱ የሠዓሊውን የልደት ዓመትና የቀለሙን አሠራር እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ያወርዱታል፤ «ወፍ ነው ዓሣ?» ሲላቸው ግን «እኔ እኮ እንግዳው ግድግዳ እንዳይነካ ነው የማየው» ይላሉ።

ቤቱ ሲገባ ሁሉንም ለባለቤቱ ይነግራታል። እሷ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ጡረታ የወጣች፣ ነገር የማያመልጣት ሴት ናት።

«ዛሬስ ምን ሆነ? ወፉ ዋኘ?» ትለዋለች ምግብ እያቀረበች።

«ዛሬ የመጡት ምንም አላሉም። ተኙ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን እንዲህ አጥንተኸኝ ታውቃለህ? እስቲ ዓይንህን ጨፍን፣ ምን ዓይነት ቀሚስ ነው የለበስኩት?»

ዓይኑን ጨፍኖ በትክክል ይነግራታል። ይህ ደግሞ የበለጠ ያናድዳታል።

ጡረታ ሊወጣ አሥር ቀን ሲቀረው የመጨረሻው የበጋ ቤት ጉዞ ወጣ። እንግዳዋ አንዲት በዕድሜ የገፉ፣ የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት የሆኑ ሴት ናቸው። ደብዳቤያቸው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው በማንኛውም ቀን፣ ለአንድ ጊዜ ያስገባቸዋል። የስምሪት ኃላፊው ጉዞውን ሐሙስ ጠዋት ላይ አዋለው። ለስፖኪዮ ይህ ማለት ከእንግዲህ ስለዚያ ክፍል የሚሰማው አንድ ወሬ ብቻ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጥቁሯን መኪና ያስረክባል፤ ወፍ ይሁን ዓሣ ሳያውቅ ቤቱ ይቀመጣል። በፋይሉ ውስጥ በሃያ ሰባት ዓመት አንድም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የለም። ለዚህ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጡት ሰምቷል። የሚከነክነው ግን ኮርኒሱ ነበር።

ረቡዕ ቀን የባዶ ጉዞ ወጣ። የባዶ ጉዞ ሹፌሮቹ ያወጡት ስም ነው፤ እንግዳ ከመጫናቸው በፊት በነበረው ቀን መንገዱን ባዶ መኪና ይዘው ይሄዱበታል። አዲስ ጉድጓድ አለ ወይ? ድልድዩ እየተጠገነ ይሆን? መኪናው የሚቆምበት ጥላ በስንት ሰዓት የት ይወድቃል? ሌሎቹ ይህን የሚያደርጉት በሸሚዝ፣ ሬዲዮ ከፍተው፣ አንዳንዴም ጎመንና ድንች ጭነው እየተመለሱ ነው። ስፖኪዮ ግን ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ ፎጣውን አቀዝቅዞ ይሄዳል። ሲደርስም ወርዶ የኋላውን በር ይከፍታል፣ ለማንም ያልሆነ ሰው ጎንበስ ይላል፣ የዚያ ሰው እግር የት እንደሚያርፍ ያያል፣ ጠጠር ካለ ያነሳል። ጓደኞቹ ሲያሾፉበት «እግር የሚያርፍበትን መሬት በዓይን ግምት አላምንም» ይላቸዋል።

የበጋው ቤት የድሮው ቁልፍ ያዥ ይህን ልማዱን ያውቅ ነበር። ከበሩ ሥር ወንበሩ ላይ ሆኖ እጁን እያወዛወዘ «አንተ ሰው፣ መንፈስ ነው የምታወርደው?» ይለዋል፣ ይሳሳቃሉ፣ ስፖኪዮ ይመለሳል። ሽማግሌው ግን ከሦስት ሳምንት በፊት ሥራ ለቅቋል። በቦታው የተተካችው ሴት ጎልማሳ ናት፤ ለሥራው አዲስ ናት፤ የተሰጣትንም መመሪያ ቃል በቃል ይዛለች። ረጅም ጥቁር መኪና በዳገቱ ሲመጣ ስታዪ ማኅተሙን ቁረጪ፣ ለአሻጊው ስልክ ደውዪ፣ በሩን ወለል አድርገሽ ክፈቺ፤ እንግዳ በር ሲከፈት አይጠብቅም ተብላለች።

ከሰዓት በኋላ ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ረጅም ጥቁር መኪና በዳገቱ መጣ።

ስፖኪዮ የኋላውን በር ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ሲነሳ፣ ከበሩ ደፍ ላይ አንዲት ሴት በሁለት እጇ ትልቅ መዝገብ ታቅፋ ቆማለች። ከኋላዋ በባዶ ጉዞው ቀን ምንጊዜም ታሽጎ የሚያገኘው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወደ ክፍሉ የሚወጣው የድንጋይ ደረጃ እስከ ሰባተኛው ድረስ ይታያል።

«እንኳን ደህና መጡ» አለች ሴትዮዋ። ከዚያ አንገቷን አስግጋ ወደ መኪናው ውስጥ አየች። «እንግዳዋስ?»

«እንግዳዋ ነገ ናቸው የሚመጡት።»

«ነገ?»

«ነገ። ዛሬ መንገዱን ለማየት ነው የመጣሁት።»

«መንገዱን!» መዝገቡን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «ታዲያ በሩን ለማን ነው የከፈቱት?»

ስፖኪዮ ክፍቱን የመኪና በር አየ። የከፈተው ለማንም አልነበረም። ከሩቅ ላየው ሰው ግን አንድ ትልቅ እንግዳ ሲወርድ ነው የሚመስለው።

ሴትዮዋ ከኪሷ የተቆረጠውን የእርሳስ ማኅተም አውጥታ አሳየችው። አንድ ጊዜ ከተቆረጠ አይቀጠልም። ለአሻጊው ደውላለች፤ በአሥራ አንድ ሰዓት ይመጣል። ነገ ሌላ ማኅተም የሚቆረጠው በሌላ ደብዳቤ ነው፤ ሌላ ደብዳቤ ደግሞ አራት ወር ይፈጃል። ይህን ሁሉ ስትናገር ድምጿ አልተለወጠም፤ መዝገቡን ግን ከደረቷ አላላቀቀችም።

«ሦስት ሳምንቴ ነው» አለች መጨረሻ ላይ። «ገና ወንበሩን እንኳ አልለመድኩትም።»

ሁለቱም በሩን አዩት። በመዝገቡ የዛሬው መስመር ላይ የእንግዳዋ ስም ተጽፎ፣ ጎኑ ለፊርማ ክፍት ተትቷል።

ስፖኪዮ እስክሪብቶው በክር ታስሮ ተንጠልጥሎ አየ። አንዲት ጭረት ነበረች የምትቀረው። ቢፈርም የሴትዮዋ መዝገብ ይሟላል፣ እሱም ይገባል። እስክሪብቶውን ያዘው። ከዚያ ነገ ጠዋት ታየው። እኒያ አሮጊት የአንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ መንገድ መጥተው የተዘጋ በር አይተው ሲመለሱ፣ ፊታቸው እዚያ መስታወት ውስጥ ነው የሚሆነው። ያ መንገድ እስኪያልቅ ድረስ። እስክሪብቶውን ለቀቀው፤ በክሩ ላይ ሲወዛወዝ ቆየ።

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው አይደል?» አላት።

«ክፍት ነው። ምን ዋጋ አለው?»

«ከበሩ እንዳትነቃነቂ» ብሎ ወደ መኪናው ገባ።

የስምሪት ኃላፊው በስልክ ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ቁጣውን በ«ጋሼ» እየለበጠ ተናገረ። ሰውዬው ከስፖኪዮ ልጆች ጋር እኩያ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ እርስዎን ምን ልበል? ሌላው ቢሆን ሬዲዮ እየሰማ ነበር የሚሄደው! ጎመን ጭኖ ነበር የሚመለሰው! ጎመን ቢጭኑ ምን ነበረበት?»

«እንግዳዋ ሆቴል ናቸው?»

«ምሳ ላይ ናቸው። አስጎብኚው ግን ከሌላ ቡድን ጋር ሐይቁ ማዶ ነው፣ ዛሬ አይደርስም። ይንዱ ብቻ፣ ይንዱ! እኔ ለሴትዮዋ ምን እንደምላቸው አስባለሁ።»

የስምሪት ኃላፊው ያሰበው ነገር ምን እንደነበር አልታወቀም። ስፖኪዮ ሆቴሉ ደጃፍ ሲደርስ ሴትዮዋ ኮታቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከበረኛው ጎን ቆመው ነበር። እንግዳ ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ በሃያ ሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቱ ነው።

«ምን ተበላሸ?» አሉት ገና ሳይወርድ። ፊታቸው ላይ ያለው ቅሬታ አልነበረም፤ የደስ ደስ ያለው ጉጉት ነው። «ልጁ በስልክ ሦስት ዓይነት ነገር ነገረኝ፤ ሦስቱም አይገናኙም።»

«የተበላሸው በእኔ ነው እመቤት።»

«ተመስገን! አምስት ቀን ሙሉ እዚህ አገር ምንም ነገር ሲበላሽ አላየሁም። ሰው መኖሩንም ተጠራጥሬ ነበር።»

የኋላውን በር ከፈተላቸው። እሳቸው ግን ዞረው የፊተኛውን ከፍተው ተቀመጡ። «ከኋላ ሆኜ እየጮህኩ ልጠይቅዎት? ፋብሪካ ውስጥ ጮኼ ጮኼ ነው ጉሮሮዬ ያለቀው።» እግራቸው አንድ ነገር ነካ። አጎንብሰው አዩት። «ይቺ የማን ነጠላ ጫማ ናት?»

ስፖኪዮ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ከከተማው እስኪወጡ ድረስ የባዶ ጉዞን ነገር አስረዳቸው። ለማንም ያልሆነ ሰው ጎንበስ እንደሚል ሲነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ግን ጥያቄያቸው አላቆመም። ጠጠሩን የት ይጥላል? ጥላውን በሰዓት ይጽፈዋል ወይስ በቃሉ ይይዘዋል? ማን አስተማረው? እሳቸው በፋብሪካቸው አዲስ መሣሪያ ሲገባ መጀመሪያ ያለ ሳሙና ያስነሱት እንደነበረ፣ ሠራተኞቹም እንዲሁ ያሾፉባቸው እንደነበረ ነገሩት። ከዚያ ደግሞ፦

«እሺ፣ ይህ እዚህ ድረስ የምሮጥለት ክፍል ውስጡ ምን አለ?»

«አላየሁትም እመቤት።»

«ስንት ጊዜ ሄደዋል?»

«ከመቶ በላይ።»

ዞር ብለው አዩት። ስፖኪዮ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።

«ሳይጠየቁ አለመናገር ነው ደንቡ» አለ ቀስ ብሎ። «አሁን ግን ጠይቀውኛል።»

ከዚያ ጀመረ። የሐኪሙን አርባ አንድ ወፍ ነገራቸው። የእህትማማቾቹን ዓሣ ነገራቸው። አንድ ዳኛ «ሰማይ ነው» ብሎ ከልጁ ጋር መንገዱን በሙሉ እንደተከራከረ፣ አንድ ሙሽራ ደግሞ ወጥቶ «አዞረኝ» ብሎ ግንድ ተደግፎ እንደቆመ ነገራቸው። በስንተኛው ዓመት ማን ምን እንዳለ፣ በየትኛው ወንበር ተቀምጦ እንዳለ ሳይቀር ያስታውሳል። ሴትዮዋ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ያዳምጣሉ፤ አልፎ አልፎ «ቆይ፣ እሱ የገባው ጠዋት ነው ከሰዓት?» እያሉ ያስቆሙታል። ስፖኪዮ ከኋላ ወንበር ለሃያ ሰባት ዓመት የለቀመውን ሁሉ ለሰው ሲናገር ከሚስቱ ሌላ የመጀመሪያው ነበር። የመንገድ ጠጋኞች አንዱን መስመር ዘግተው አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲያስቆሟቸው እንኳ ሁለቱም ልብ አላሉትም።

ሲደርሱ አሥር ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ቁልፍ ያዧ እንደተባለችው ከበሩ አልተነቃነቀችም። ሴትዮዋ ፈረሙ። ቁልፍ ያዧ ፊርማውን አይታ ተንፈስ አለች፤ ቀጥላ ግን በሚቀጥለው ባዶ ቦታ ላይ ጣቷን አኖረች።

«አጃቢው?»

«አስጎብኚው ዛሬ የለም» አለ ስፖኪዮ።

«ያለ አጃቢ አይገቡም።»

«አንቺ አጅቢያቸው።»

«እኔ በሩ ክፍት እያለ ከበሩ አልለይም፤ ይኸው እዚህ ተጽፏል። አንድ ስሕተት ለአንድ ቀን አይበቃኝም?»

ሴትዮዋ በከዘራቸው ድንጋዩን መታ መታ አደረጉ። «ምን ትዞራላችሁ? ይኸው ሰው ቆሟል አይደል?»

ስፖኪዮ ወደ መኪናው ዞሮ አየ። ከቆመበት እስከ መኪናው ድረስ ዘጠኝ እርምጃ ነው፤ ያውቀዋል፤ ሁልጊዜ የሚቆመው እዚህ ድንጋይ ላይ ነበር። ፋይሉ ንጹሕ ነው። ለጡረታው አሥር ቀን አይቀረውም። በስልክ ልጠይቅ ቢል መልሱ ከአሁኑ ይሰማዋል።

«መኪናውስ?» አለ፣ ለራሱ ይሁን ለእነሱ ሳይለይ።

«ማን ይወስደዋል?» አለች ቁልፍ ያዧ። «ያለሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ መንዳት አልችልም።»

ስፖኪዮ መኪናውን ቆለፈ። መዝገቡ ላይ አጃቢ በሚለው ቦታ ስሙን ጻፈ። ሥራ በሚለው ሥር ሹፌር ብሎ ጻፈ። ሰዓቱን አየ፤ አሥር ከሃያ ሦስት። ከዚያ ለሴትዮዋ ክንዱን ሰጥቶ አሥረኛውን እርምጃ አለፈ።

ደረጃው ሠላሳ ስምንት ነበር። በየስምንቱ እያረፉ ወጡት። ላይ ሲደርሱ አንድ ተራ የእንጨት በር አለ፤ እሱን ገፋ አድርገው ገቡ። ስፖኪዮ መጀመሪያ ያየው ወለሉን ነው። ሳንቃው መሐሉ ላይ ተበልቶ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ሰው ሁሉ ገብቶ የሚቆመው እዚያው መሐል ላይ ነው ማለት ነው። ከዚያ ጉድጓድ ጥቂቱን የጎደጎዱት እሱ ያመጣቸው እግሮች መሆናቸው ገባው። ቀጥሎ የገረመው የክፍሉ ትንሽነት ነው። ለሃያ ሰባት ዓመት በሐሳቡ የሠራው አዳራሽ ነበር። ይህ ግን ከገዛ ሳሎኑ በአራት እርምጃ ቢበልጥ ነው። አቧራና አሮጌ እንጨት ይሸታል።

«ቀና ይበሉ እንጂ!» አሉት ሴትዮዋ። «ለወለሉ ነው የሮጥነው?»

ቀና አለ።

ወፎች አየ። ነጭ፣ ክንፋቸውን የዘረጉ። ሐኪሙ አልዋሸም። ግን ቅርጻቸው አልጠራም፤ ጠርዛቸው ይሞገዳል፤ መጀመሪያ ቀለሙ አርጅቶ ነው አለ። ከዚያ በሁለት ክንፎች መሐል አንድ ዓሣ አየ፤ እያንዳንዱ ቅርፊቱ ተለይቶ ይታያል። ቀጥሎ ሌላ ዓሣ። ቀጥሎ በኮርኒሱ ዙሪያ፣ በአራቱም ጠርዝ፣ ወደ መሐል አጎንብሰው የሚያዩ የሰው ፊቶች።

«ኩሬ ነው» አለ ስፖኪዮ።

«ምን አሉ?»

«ኩሬ ነው። ሠዓሊው ከላይ ወደ ታች የሚታይ ኩሬ ነው ኮርኒስ ላይ የሣለው። ዓሦቹ ውሃው ውስጥ ናቸው። ወፎቹ ውሃው ውስጥ የሉም፤ ከውሃው በላይ ሲበሩ ምስላቸው ነው ውሃው ላይ የወደቀው። ለዚህ ነው የሚሞገዱት። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ዳር ቆመው ኩሬውን እያዩ ነው።»

ሴትዮዋ አፋቸውን ከፍተው ረጅም ጊዜ አዩ። «ስለዚህ እኛ ቀና ብለን» አሉ፣ «ወደ ታች እያየን ነው።»

«ሙሽራው አዞረኝ ያለው ለዚህ ነው።»

ሴትዮዋ አንገታቸው ሲደክም ያለ ምንም ማመንታት ወለሉ ላይ ለመተኛት ወሰኑ። ስፖኪዮ ኮቱን አውልቆ አነጠፈላቸውና ደግፎ አስተኛቸው። ከታች ሆነው «እርስዎም ይተኙ» አሉት።

«ሱሪው የድርጅቱ ነው።»

«ድርጅቱ ሳሙና የለውም? እልክላቸዋለሁ።»

ስፖኪዮ ተኛ። ነጭ ጓንቱን እንዳጠለቀ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አድርጎ ተኛ። ከበሩ በላይ ባለው ጠርዝ ላይ ያቺን ትስቃለች፣ ታለቅሳለች የተባለችውን ሴት አገኛት። ከቆመበት ሲያያት አገጯ ወደ ላይ፣ ግንባሯ ወደ ታች ስለሆነ የአፏ ጫፍ የተደፋ መስሎት ነበር። አሁን ከራሷ አቅጣጫ ሲያያት ትስቃለች። ተነስቶ አያት፤ አለቀሰች። መልሶ ተኝቶ አያት፤ ሳቀች። ይህን ሦስት ጊዜ ሲያደርግ ሴትዮዋ ተመለከቱት። ወፎቹን ቆጠረ። አርባ ሁለት ሆኑበት። እንደገና ቆጠረ፤ አርባ ሁለት። አንዷ በዓሣ ጅራት ተከልላ ግማሽ ክንፏ ብቻ ነበር የሚታየው።

«ከነገሩዎት ሁሉ ማን ልክ ሆነ?» አሉት።

«ሁሉም። ሐኪሙ አንድ ሲቀረው።»

«ማንም ያልነገረዎትስ?»

አሰበ። «ትንሽ መሆኑን» አለ። «ማንም ትንሽ ነው አላለኝም።»

ሲወጡ አሻጊው ሞተር ብስክሌቱን አቁሞ ከሳጥኑ አዲስ ማኅተም እያወጣ ነበር። ቁልፍ ያዧ መዝገቡን አሳየችው። ሁሉም መስመር ሞልቷል። ሰውዬው በየመስመሩ ጣቱን አስኬደና ራሱን ነቀነቀ፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ስፖኪዮ ሰዓቱን አየ፤ አሥር ከሃምሳ ሰባት።

ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ሹፌሩ የሚሞላው ቅጽ አለ። ከታች በኩል «ከመኪናው የተራቀበት ጊዜ» የሚል ቦታ አለው። ስፖኪዮ እዚያ ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ሰረዝ ሲያሰምር ኖሯል። ያን ዕለት «ሠላሳ አራት ደቂቃ» ብሎ ጻፈ።

በማግስቱ ጠዋት የስምሪት ኃላፊው ቢሮ አስጠራው። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ሰረዝ ማድረግ አቃተዎት?»

«ቦታው እኮ የተሠራው ለዚህ ነው።»

«ሴትዮዋ ለሥራ አስኪያጁ ደውለው ከጉዟቸው ሁሉ የሚበልጥ ቀን ነበር ብለዋል። እኔ ዝም ብዬ ላሳልፈው ነበር። አሁን ግን በጽሑፍ አለ። ለአዳዲሶቹ ሹፌሮች በየቀኑ ስለእርስዎ ነው የምሰብከው፤ ለእነሱ ምን ልበላቸው?»

«እንደ ደንቡ አድርግ።»

የስምሪት ኃላፊው እያጉረመረመ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ከመሳቢያው አወጣ። ስፖኪዮ እንዲህ ያለውን ወረቀት በቅርብ አይቶት ስለማያውቅ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አነበበው። ከላይ የድርጅቱ ምልክት አለ፣ ከሥሩ አራት መስመር። ኃላፊው ስሙን ሞላ፣ ቀኑን ሞላ። ምክንያት የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«እኔ» አለ በመጨረሻ፣ «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ መኪና ሳሰማራ፣ ከዚህ ወንበር ተነስቼ አላውቅም።» እስክሪብቶውን አስቀመጠው። «በሩን ይዝጉትና ቁጭ ይበሉ እስቲ። ወፍ ነው ዓሣ?»

ስፖኪዮ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ከየት እንደሚጀምር አሰበ። ከወፎቹ ቢጀምር ሰውዬው ሰማይ ይመስለዋል፤ ከዓሦቹ ቢጀምር ደግሞ ሴቲቱ ትጠፋለች። እንግዶቹ ሁሉ ያበላሹት እዚህ ላይ ነበር።

«መጀመሪያ» አለ፣ «ክፍሉ ትንሽ ነው።»

«ምን ያህል?»

«ይህን ቢሮና ኮሪደሩን ቢያክል ነው።»

የስምሪት ኃላፊው ተነስቶ፣ አሁን የተዘጋውን በር መልሶ ከፍቶ፣ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርምጃው መለካት ጀመረ።